ሜትሮሎጂና የኮልቪን እግር

ከማሉዲንን «ቁማርተኛ ነህ» ያለው ሰው ጉዱ ፈላ። ኮምቦልቻ የሜትሮሎጂ ጣቢያ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየማለዳው የዝናብ መለኪያው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ሚሊሜትሩን በመዝገብ ሲያሰፍር የኖረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው አይቆምርም፣ ይተነብያል። ሚኒያፖሊስ መጥቶ ታክሲ መንዳት ሲጀምር ዝናቡ ቀረ፤ ልማዱ ግን አልቀረም። አንድ ቀን ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ተሳፋሪ ጥሎት የሄደውን ጋዜጣ አነሣና የስፖርቱ ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል የተደረደረውን የቤዝቦል ቁጥር አየ። የዝናብ መዝገብ መሰለው። ማን መታ፣ ማን ሳተ፣ ማን ታመመ፣ ማን በግራ እጁ ይወረውራል፣ አንድ ሳይቀር ተጽፏል። ጨዋታውን ራሱን ሄዶ ሲያየው የቁጥሩን ያህል አልወደደውም። ሰዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ቆመው ይተፋሉ።

ከዚያ በኋላ ደብተር ገዛ። አንዱ ዓምድ የዕለቱ ተሰላፊ፣ አንዱ ዓምድ የተጎዳ፣ አንዱ ዓምድ ኦድስ። ኦድስ ማለት ውርርድ አጫዋቾቹ ለየቡድኑ የሚሰጡት ዋጋ ነው፤ ያሸንፋል በተባለው ቡድን መቶ ለማግኘት መቶ አርባ ታስይዛለህ፣ ይሸነፋል በተባለው ደግሞ መቶ አስይዘህ መቶ ሃያ ታገኛለህ። ዋጋው የሚወጣው ተሰላፊው ከመታወቁ በፊት ነው፤ ከታወቀ በኋላ ይለወጣል። ከማሉዲን በነዚህ በሁለቱ መካከል ባለችው ቀዳዳ ነበር የሚኖረው። ጂን ለሚባል፣ በድምፅ እንጂ በመልክ ለማያውቀው ውርርድ ተቀባይ ይደውላል፤ አንዴ አሥር፣ አንዴ ሃያ ዶላር ያስይዛል። የታክሲ ጓደኞቹ ስሙን ትተው «ሜትሮሎጂ» ነበር የሚሉት፤ እሱም ቅር አይለውም።

«ትንበያ ነው» ይላታል ሚስቱን። «ቁማር ሰው ሳያውቅ የሚያደርገው ነገር ነው። እኔ አውቄ ነው።»

«የኮምቦልቻ ዝናብ እኮ ሃያ ዶላር አይቀበልህም ነበር» ትለዋለች ሙፈሪያት።

ሙፈሪያት አንድ የአጥንት ክሊኒክ ውስጥ የነርስ ረዳት ናት። ሥራ የገባች ዕለት የበሽተኛ ነገር ከክሊኒኩ ደጃፍ እንዳይወጣ ወረቀት አስፈርመዋታል፤ ያን ወረቀት የጣሰ ሰው በነጋታው እቤቱ ነው። እሷም ስም ጠርታ አታውቅም። ግን ኮሎምቢያ ሃይትስ ያለችው አፓርትመንታቸው ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ፣ ጫማዋን አውልቃ ራት ላይ ስትቀመጥ ቀኗን ታጫውታለች። ያነክሱ እንደሆነ አነካከሳቸውን ታነክሳለች፣ ያቃስቱ እንደሆነ ታቃስታለች። ባለፈው ክራንቿን ክሊኒኩ ውስጥ ረስታ አውቶቡስ ለመያዝ ስለሮጠችው አሮጊት ስትነግራቸው የልጃቸው የኢሽራቅ ሾርባ በአፍንጫዋ ነው የወጣው። እዚያ ቤት ራት ላይ ቴሌቪዥን ተከፍቶ አያውቅም፤ ቢበላሽ እንኳ ለሳምንት ልብ የሚለው አልነበረም።

በፈረንጆቹ 1996፣ ሐምሌ ወር፣ አንድ ሐሙስ ማታ ነው። ከማሉዲን እንደ ልማዱ «ዛሬስ ማን መጣ?» አለ።

«አንድ ግንድ የሚያህል ሰውዬ» አለች ሙፈሪያት፣ ገና ከአሁኑ እየሳቀች። «አልጋው አልበቃው ብሎ ግማሹ ውጪ ነው። የሱፍ ፍሬ ይቆረጥማል፣ ገለባውን ስኒ ውስጥ ይተፋል። አገጩ ላይ ጠባሳ አለው። ዶክተሩ መርፌ ሲያነሣ ጠባሳው ቀልቶ፣ ወላሂ፣ ያ ሁሉ ሰውዬ እጄን ጥርቅም አድርጎ ያዘኝና 'ዶንት ሊቭ ሚ' አለኝ።» የሰውዬውን ዓይን አፈጠጠች፤ የኢሽራቅንም እጅ ይዛ ጨመቀች። ኢሽራቅ በሳቅ ወንበሩ ላይ ተንፈራፈረች።

ከማሉዲን አልሳቀም። የሱፍ ፍሬ፣ አገጭ ላይ ጠባሳ፣ ግንድ የሚያህል። የከተማው ቡድን ሦስተኛ መቺ ኮልቪን ሁለት ቀን አልተሰለፈም፤ ሬዲዮው ጉንፋን ይዞት ነው ይላል፣ ቅዳሜ እንደሚመለስም ይጠበቃል። ጉንፋን የያዘው ሰው አጥንት ክሊኒክ ምን ቆርጦት ይሄዳል?

«ምኑን ነው የታመመው?»

«እግሩን።»

«ምን አደረጉለት?»

«ትንሽ ኦፕራሲዮን አድርገው...»

«ማማ፣ ሌግ ኦር ፉት?» አለች ኢሽራቅ።

ኢሽራቅ እዚሁ ሚኒሶታ ተወልዳ አሥር ዓመት የሞላት ልጅ ናት። አማርኛው ይገባታል፣ መልሷ ግን እንግሊዝኛ ነው። ለእሷ ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለው ሌግ፣ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው ፉት የሚባል ሁለት ነገር ነው። አባቷ ግን ከታፋ እስከ ጥፍር ድረስ እግር በሚባል በአንድ ቃል ተሸፍኖ ነው ያደገው።

«እግር እግር ነው» አላት። «ራትሽን ብዪ።»

ተነሣ።

«ቆይ እንጂ፣ ገና አልጨረስኩም» አለች ሙፈሪያት። እሱ ግን መኝታ ቤት ገብቶ ደብተሩን እየገለበጠ ነበር። አገኘው፤ ኮልቪን፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ቀኝ ጉልበት፣ ኦፕራሲዮን፣ አርባ አንድ ጨዋታ ቀረ። ዛሬም ኦፕራሲዮን፣ ዛሬም እግር። ከሳሎን የእናትና የልጅ ሳቅ እንደገና ሲፈነዳ ሰማ፤ ምን እንዳሳቃቸው ግን አልጠየቀም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ወረቀቱ፣ ሙፈሪያት የፈረመችው ወረቀት፣ አንዴ ሁለቴ ትዝ አለው። ስሙን እሷ አልጠራችም፣ እኔ ነኝ ያወቅሁት፣ ብሎ ራሱን ጸጥ አሰኘ። ሰው ራሱን ሲያታልል ሥራው እንዴት ቀላል ነው።

አርብ ጠዋት ለጂን ደወለ። «አምስት መቶ፣ ክሊቭላንድ ያሸንፋል ብዬ» አለው፤ ቅዳሜ የከተማውን ቡድን የሚገጥመው ክሊቭላንድ ነው። የመኪናው ትራንስሚሽን ሊለወጥበት የተቀመጠ ገንዘብ ነው። ጂን ወርዋሪዎቹ ቢቀየሩ ውርርዱ ይፍረስ ወይስ ይጽና ብሎ ጠየቀው፤ ጥንቁቅ ሰው ይፍረስ ይላል፣ ከማሉዲን ራሱ ሁልጊዜ ይፍረስ ነው የሚለው። ያን ዕለት ግን «ማንም ይወርውር፣ ይጽና» አለ። 

እስከዚህ ድረስ ነገሩ በሱና በጂን መካከል ነው። አፉ ቢያርፍለት ኖሮ እዚያው ይቀር ነበር። ግን የአሥራ አንድ ዓመት ትንበያ ማንም ሳይሰማለት የኖረ ሰው፣ አንድ ጊዜ ዝናቡን ከሰማዩ ቀድሞ ካወቀ እንዴት ዝም ይላል? ቅዳሜ ማለዳ ኤርፖርት ተራ ላይ መገርሳ ቡና ይዞ መኪናው ውስጥ ገባ። መገርሳ የስድስት ዓመት ጓደኛው ነው።

«ዛሬ ማን ያሸንፋል፣ ሜትሮሎጂ?»

«ክሊቭላንድ።»

«ኮልቪን ይመለሳል እያሉ?»

«አይመለስም። እግሩን ኦፕራሲዮን ሆኗል።»

«ከየት አመጣኸው? ሬዲዮው ጉንፋን አይደል የሚለው?»

«ከቤት» አለ ከማሉዲን። ቃሉ ካፉ ሲወጣ እንደ ትኩስ ሻይ አቃጠለው። «ለማንም እንዳትናገር።»

«እኔ ልሙት» አለ መገርሳ። የሙፈሪያትን ሥራ ያውቃል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ከማሉዲን ሴንት ፖል ሰው አድርሶ ተራው ጋ ሲመለስ፣ አይቶት የማያውቅ አንድ ሾፌር መስኮቱን አንኳኳ። የማንን ታክሲ እንደሚነዳ እንኳ አያውቅም።

«ሜትሮሎጂ አንተ ነህ? የኮልቪንን እግር ያየችው ሚስትህ ናት አሉ። ፎር ሹር ነው? ገንዘብ ላስይዝ ነው እኮ።»

ከማሉዲን መስኮቱን እስከ ታች አወረደ። «ማን አለህ?» አለ።

«ኧረ ሁሉም ያወራል። አንዱ ደግሞ የስታዲየም ሰው ጭኖ ነበር፣ ጠይቄዋለሁ አለ።»

ተራውን ጥሎ ወጣ። የት እንደሚሄድ ሳያውቅ ሃይዌዩን ያዘ፤ አንዴ ወደ አፕል ቫሊ አቅጣጫ ነድቶ፣ ምን አለኝ እዚያ ብሎ ተመለሰ። ሬዲዮውን ከፈተ። ዜና አንባቢው የዕለቱን ተሰላፊዎች ይጠራል፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ሦስተኛው ሌላ ሰው ነው። ኮልቪን የለም።

በሌላ ቀን ቢሆን መሪውን በጥፊ እየመታ «አላልኩም?» ይል ነበር። አሁን ግን ሬዲዮውን ዘጋው። ትንበያው ልክ ከሆነ ወሬውም ልክ ነው፤ ወሬው ልክ ከሆነ ደግሞ ከየት ወጣ ይባላል፤ ከየት ወጣ ከተባለ ሃምሳ የታክሲ ሾፌር «ከሜትሮሎጂ ሚስት» ብሎ ይመሰክራል። ሙፈሪያት ሦስት ዓመት አልጋ አንጥፋ፣ ሰው አጥባ፣ በመጪው መስከረም ነርሲንግ ትምህርት ቤት ልትገባ ክሊኒኩ የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፍላት ነው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝናቡ እንዲቀር ለመነ።

እቤት ሲደርስ ማንም የለም። ሙፈሪያትና ኢሽራቅ ገበያ ሄደዋል። የአንሰሪንግ ማሽኑ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ተጫነው። የክሊኒኩ አለቃ ናት፤ «ሙፈሪያት፣ ይህን እንደሰማሽ ቶሎ ደውዪልኝ፣ አስቸኳይ ነው» ትላለች። አራት ጊዜ ሰማው። በሦስተኛው ድምፅዋ የተቆጣ መሰለው፣ በአራተኛው እሱ ራሱ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ከወጥ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን ወጥ ቤት ተመላለሰ። ውሃ ቀዳ፣ ሳይጠጣው ደፋው።

እናትና ልጅ ከረጢት ተሸክመው ሲገቡ በሩ ላይ ጠበቃቸው።

«ሙፌ፣ ጥፋት አጥፍቻለሁ» አላት።

ሁሉንም ነገራት፤ ጠባሳውን፣ ደብተሩን፣ ጂንን፣ መገርሳን፣ መስኮት ያንኳኳውን ሰውዬ። ሙፈሪያት ከረጢቱን እንደያዘች ቆማ ሰማችው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ስልክ ሄዳ ደወለች። «የስ» አለች። «ኦኬ» አለች። «ኖ ፕሮብለም» አለች። ዘጋች።

«ሰኞ ጠዋት አንዲት ልጅ ስለማትመጣ ግቢልኝ ነው የምትለው» አለች። «እኔ የማላውቀውን፣ እነሱም ያልጠየቁኝን አንተ ነገርከኝ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ከማሉዲን፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ሙፈሪያት ግን አልተቀመጠችም። ሲቆጣ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው አለ፤ እሷ ዝቅ ነው የምታደርገው። «ከዚህ ቤት ውጪ ላንድ ነፍስ ተናግሬ አላውቅም» አለች። «እዚህ የማወራው ቤቴ ነው ብዬ ነው። አንተ ኤርፖርት ላይ አሰጣኸው። ያውም ሳትጨርሰው። ጥፍር እኮ ነው፣ ከማል! የአውራ ጣቱ ጥፍር ሥጋው ውስጥ ገብቶበት ነው። ቆረጡለት፣ ጠቀለሉለት፣ ቅዳሜ ሰፊ ጫማ አድርገህ እንደ ልብህ ሩጥ ብለው ሸኙት። ያ ሁሉ ሰውዬ ለጥፍር ማልቀሱ ነበር እኮ የሚያስቀው። ብትቀመጥ ኖሮ ትስቅ ነበር።»

ከማሉዲን ሰማት። እውነትም ሰማት፤ አፍሮ ነበር፣ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ያ የኮምቦልቻው ሰውዬ እርሳሱን አነሣ። ኮልቪን አልተሰለፈም፤ ስለዚህ የከተማው ቡድን ዋጋ ረክሷል። መሮጥ ግን ይችላል፤ በስተመጨረሻ ተቀይሮ ይገባል። ይህን የሚያውቅ ከአሠልጣኙ ሌላ እሱ ብቻ ነው። ጂን የመጀመሪያዋ ኳስ እስክትወረወር ይቀበላል። ጨዋታው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። አሁን በከተማው ቡድን አንድ ጊዜ ቢያስይዝ የትናንቱ ይሸፈናል፣ ትርፍም አለው።

ዓይኑ ከስልኩ በላይ ወደ ተሰቀለው ሰዓት ሄደና ተመለሰ። ሰባት ሰዓት ከሦስት ነበር።

ሙፈሪያት ንግግሯን አቆመች።

«ሰዓቱን አየህ» አለች።

«ምን?»

«አሁን፣ እኔ እያናገርኩህ ሰዓቱን አየህ።»

«አልደወልኩም እኮ።»

«አልደወልክም። አየህ ግን።»

ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ መኝታ ቤት ገባች። በሩን አላላተመችም፤ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው፤ ቢላተም ይሻለው ነበር።

አልደወለም። ይህን ልንመሰክርለት ይገባል። አሥራ ሁለቱን ደቂቃ ስልኩ አጠገብ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ አሳለፈው፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። መቀመጥ አልቻለም። በየዙሩ ይነሣል፣ መስኮት ጋ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ክሊቭላንድ አንድ ሲያገባ ልቡ ይወርዳል፣ የከተማው ሲያገባ ይነሣል፤ አምስት መቶ ዶላሩ በተቃራኒው መሆኑን እየረሳው። ኮልቪን ብቅ ይበል እንጂ፣ ሁሉም ይየው፣ ወሬው ይሙት። ኢሽራቅ ምንጣፉ ላይ ተጋድማ ጨዋታውን ትታ አባቷን ነበር የምታየው።

ስምንተኛው ዙር ላይ ክሊቭላንድ በአንድ እየመራ፣ የከተማው ቡድን ሁለት ሯጭ ሜዳ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ስታዲየሙ ውስጥ ጩኸት ተነሣ። ግንዱ ሰውዬ የሱፍ ፍሬ እየተፋ ከተጠባባቂዎቹ መቀመጫ ወጣ። ሁለቱን ኳስ ለቀቃቸው፣ ሦስተኛውን አጥር ድረስ ላከው። ከዚያ የራስ ቁሩ ከጭንቅላቱ እስኪወድቅ ድረስ እግሬ አውጪኝ አለ፤ አንደኛውን ማዕዘን፣ ሁለተኛውን አልፎ ሦስተኛው ላይ በደረቱ ተንሸራተተ። ሁለቱም ሯጮች ገቡ፤ የከተማው ቡድን መራ። እንደዚያ ቀለል ብሎ የሮጠ ሰው ከማሉዲን ዕድሜ ልኩን አላየም።

«ሲ፣ ባባ?» አለች ኢሽራቅ ከምንጣፉ ላይ። «ፉት።»

ከማሉዲን ቆሞ እያጨበጨበ ነበር። ሰኞ ኤርፖርት ላይ «ሜትሮሎጂ፣ ዝናቡ የት አለ?» እያሉ ይስቁበታል፤ ይሳቁ፣ እሰየው። ወደ መኝታ ቤቱ በር ሄዶ በጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

«ሙፌ፣ ሮጠ እኮ። አሁን ማንም አያምነኝም። ምንም አልሆነም።»

«ደግ» አለች ከውስጥ።

ሰኞ ማታ ሙፈሪያት የሌላዋንም ተራ ሠርታ ደክሟት መጣች። ጫማዋን አወለቀች፣ ተቀመጠች፣ ለሦስቱም ቀዳች። ኢሽራቅ ማንኪያዋን ይዛ፣ ከንፈሯ ላይ ሳቁን አስቀድማ አዘጋጅታ እናቷን ታያለች። ከማሉዲን ለሁለቱም ሲል ደፍሮ ጠየቀ።

«ዛሬስ ማን መጣ?»

«ሰው» አለች ሙፈሪያት።

«ዋት ካይንድ ኦፍ ፒፕል?» አለች ኢሽራቅ።

ሙፈሪያት ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻት። «የታመመ ሰው» አለች፣ እሱን ሳታየው።

 ኢሽራቅ ትንሽ ጠበቀች፤ አንዴ እናቷን፣ አንዴ አባቷን አየች። ከዚያ ተነሥታ ሄደችና ቴሌቪዥኑን ከፈተችው።